ለደንበኞቻችን፦ ሪፒተር መሸጥ ያቆምንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ሱቃችን መጥታችሁ ሪፒተር (የዋይፋይ ምልክትን ተቀብሎ መልሶ የሚያሠራጭ መሣሪያ) ስትጠይቁ «የለም» የተባላችሁ አላችሁ። አልቆብን አይደለም። ለቢሮ፣ ለካፌ፣ ለክሊኒክና ለእንግዳ ማረፊያ ሪፒተር መሸጥ አቁመናል። በዚህ ፈንታ ገመድ ዘርግተን አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በገመድ የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚሰጥ መሣሪያ፣ እንተክላለን። መጀመሪያ ላይ ወጪው ይበልጣል። ለምን ያን ወጪ እንደምንጠይቃችሁ ማወቅ ስላለባችሁ ይህን ጻፍንላችሁ።

ነገሩን በደንብ ያየነው ገርጂ አካባቢ ባለ አንድ ባለ አራት ፎቅ እንግዳ ማረፊያ ነው። እንግዶቹ «ዋይፋዩ አይሠራም» እያሉ ባለቤቷን አማረሯት። የኢንተርኔት ጥቅሏን አሳደገች። ለውጥ የለም። እኛን ጠራችን። በየፎቁ ሪፒተር ሰካንላትና ሄድን። ስልኮቹ ላይ ምልክቱ ሞላ። ማታ ማታ ግን እንግዶቹ ከቤተሰብ ጋር በቪዲዮ መነጋገር አቃታቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ላፕቶፕ ይዘን ሄድንና ራውተሩ ላይ በገመድ ሰካነው። የከፈለችበት ፍጥነት ሳይጎድል ይገባል። ሦስተኛ ፎቅ የሚደርሰው ግን ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። ብሯን ያፈሰሰችው ችግሩ በሌለበት ቦታ ነው። ቀድመን መለካት የነበረብን እኛ ነን። አሁንም ይቆጨናል።

ዋይፋይ ተራ ጠብቆ መናገር ነው። በአንድ ቻናል (የሞገድ መስመር) ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ያወራል። ሌላው ይጠብቃል። ተራው ሪፒተር የሰማውን በዚያው ቻናል መልሶ ይናገረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ መልእክት አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል፤ ፍጥነቱም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሪፒተሩ ላይ ሌላ ሪፒተር ከተቀጠለ ያ ግማሽ እንደገና ይቆረሳል። መቀበያውንና ማሠራጫውን በተለያየ ሬዲዮ የሚሠሩ አሉ። እነሱ ይሻላሉ። ለመኖሪያ ቤት ችግር የለውም እንላለን። ሠላሳ ሰው አንድ ላይ ለሚጠቀምበት ቤት ግን አንመክርም።

አክሰስ ፖይንት ኢንተርኔቱ የሚመጣለት በገመድ ነው። አየሩን የሚጠቀመው ከስልካችሁ ጋር ለመነጋገር ብቻ ነው። በየፎቁ ያለው የራሱ ቻናል ከተሰጠው አንዱ የሌላውን ተራ አይሻማም።

«አንድ ጠንካራ ነገር መሀል ላይ ብታስቀምጡልኝስ?» የምትሉን ብዙ ናችሁ። ይህን ረጋ ብለን እናስረዳችሁ። ትልቁ መሣሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊጮኽ ይችላል። ስልካችሁ ግን ትንሽ ባትሪ፣ ትንሽ አንቴና ነው ያለው። የመሣሪያውን ጩኸት ይሰማል፤ የእሱ መልስ ግን አይደርስም። «ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን አይከፍትም» የምትሉት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ጉልበቱን ሆን ብለን እንቀንሳለን። ዝቅ ያሉ ሦስት መሣሪያዎች ከአንድ ጯሂ ይሻላሉ።

ሕንፃዎቻችንም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ሶሌታው ፌሮ የታጨቀበት ኮንክሪት ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። የመታጠቢያ ቤት ትልቅ መስታወት፣ የሊፍት ጉድጓድ፣ የብረት በር ሁሉም ሞገዱን ያዳክማሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። መርካቶ ያለ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ቆማችሁ ስልካችሁ የሚያሳያችሁን የዋይፋይ ስም ቁጠሩ። ከዚያ ውስጥ በ2.4 የሚሠራው ሁሉ የሚጋራው እነዚህን ሦስቱን ነው። ጭራሽ ቻናል 3 ወይም 4 ላይ የተቀመጠ ራውተር ካለ ግራና ቀኙን ይረብሻል። ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ አካባቢ ስለሚሠራ ካፌዎች ወጥ ቤታቸው አጠገብ መሣሪያ ባይሰቅሉ ይመረጣል። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ነው፤ ብዙ ቻናል አለው። ግድግዳ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። በየፎቁ መሣሪያ የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ኮሪደር ላይ ብቻ ተሰቅሎ ክፍሎቹን ሁሉ ይሸፍናል ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አሁን ወደ ገመዱ። ከሁሉም በላይ አደራ የምንላችሁ እዚህ ላይ ነው። አክሰስ ፖይንቱ በሦስትና በአምስት ዓመት ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ገመድ ግን ሕንፃው እስኪታደስ እዚያው ነው። ገበያ ላይ ካት ሲክስ (የኔትወርክ ገመድ ደረጃ ነው) ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ሞልቷል። ዋጋው ያጓጓል። አሉሚኒየም ግን ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከመዳብ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ከመግዛታችሁ በፊት የአንዷን ሽቦ ጫፍ በቢላ ፋቅ አድርጉ። ውስጡ ነጭ ከሆነ ተዉት። መዳብ እስከ ውስጡ ቀይ ነው።

ገመዱ ኢንተርኔት ብቻ አይደለም የሚያደርሰው። ገመዶቹን ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን ስዊች ይባላል፤ ፒኦኢ የሚባለው ዘዴ ያለው ስዊች መብራቱንም በዚያው ገመድ ይልካል። ኮርኒስ ላይ ሶኬት መፈለግ ቀረ ማለት ነው። የመጀመሪያው የፒኦኢ ደረጃ ከስዊቹ በአንድ መስመር እስከ 15.4 ዋት፣ ቀጣዩ ደግሞ እስከ 30 ዋት ይሰጣል። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይፈልጋሉ። ስዊች ከሌላ ቦታ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። ከስዊቹ እስከ መሣሪያው ያለው ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅም ደግሞ ይህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ራውተሩና ስዊቹ ጋ አንድ ዩፒኤስ ካለ የሕንፃው ዋይፋይ በሙሉ ይቆያል። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ካሸሯ የቴሌብር ክፍያ መቀበሏን አታቋርጥም።

የእንግዳውን ዋይፋይ ከሥራው ለዩት። የሂሳብ ኮምፒውተሩ፣ ካሜራውና የክፍያ ማሽኑ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፓስወርድ መገኘት የለባቸውም። ከእንግዲህ በምንሠራው ሥራ ሁሉ ይህን ሳትጠይቁን እናደርገዋለን፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ሠራተኛ ሲለቅ የሥራውን ፓስወርድ መቀየሩን ግን እናንተ አትርሱ።

አዲሱ የዋይፋይ ደረጃ፣ ዋይፋይ 7፣ ይሻላል ወይ የሚሉንም አሉ። ጥሩ ነው። ግን የምታስገቡት መስመር 20 ወይም 50 ሜጋ ከሆነ ልዩነቱ አይታያችሁም። ከ2019 ጀምሮ ያለው ዋይፋይ 6 ለአብዛኞቻችሁ ከበቂ በላይ ነው። የሚተርፈውን ብር ገመዱ ላይ አውሉት።

እኛን ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ላፕቶፕ ራውተሩ ላይ በገመድ ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። ቀጥሎ ገመዱን ነቅላችሁ እዚያው ራውተሩ አጠገብ በዋይፋይ ለኩ። ከዚያ ቅሬታ የሚበዛበት ክፍል ገብታችሁ ለኩ። በገመዱም ቀርፋፋ ከሆነ ወይ መስመሩ ችግር አለበት፣ ወይ ተጠቃሚው ለጥቅሉ በዝቷል። እኛ ብንመጣ የምንጨምርላችሁ ነገር የለም፤ መስመሩን ወደሚሰጣችሁ ድርጅት ደውሉ። በገመዱ ጥሩ ሆኖ ክፍሉ ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጥቅል አታሳድጉ። ሦስቱን ቁጥሮችና የፎቁን ንድፍ በእጅ ስላችሁም ቢሆን በቴሌግራም ላኩልን። ስንት መሣሪያ እንደሚበቃችሁ ግምቱን በነፃ እንነግራችኋለን፤ ከመትከላችን በፊትም መጥተን እንለካለን።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ለድርጅታችሁ ከእኛ ሪፒተር ገዝታችሁ ያልረካችሁ፣ መሣሪያውን ይዛችሁ ኑ። የገዛችሁበትን ዋጋ በሙሉ ከአዲሱ ሥራ ላይ እንቀንስላችኋለን። ደረሰኙ ቢጠፋባችሁም መዝገባችን ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ የኔትወርክ ተከላ ክፍል
አዲስ አበባ