አበል ደመወዝ አይደለም

ሰላም ሾፌር ወንድሞች፣ መንገዱን ያቅናላችሁ።

ሰሞኑን ከጅቡቲ ስመለስ ባቲ ላይ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ። አንድ ወዳጃችን ብቻውን ተቀምጧል። ስድስት ዓመት ከነዳ በኋላ "ቁልፉን አስረክብ" ተብሎ በስልክ ተባረረ። ወረቀቱን አሳየኝ፦ ደመወዝ 4,000 ብር፣ የቀረው ሁሉ ውሎ አበል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሎ አበል ደመወዝ አይባልም። ያለአግባብ የተባረረ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ ሲሰላለት፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለየተጨማሪው ዓመት የዚያ ሲሶ። ለእሱ 80 ቀን ይመጣል። በወር 4,000 ብር ደመወዝ ሲሰላ 11 ሺህ እንኳ አይሞላም። የተሳቢ ጎማ አይገዛም እኮ! ጡረታውም፣ የእኛ 7 ከመቶና የአሠሪው 11 ከመቶ፣ የሚቆረጠው ከዚያችው ደመወዝ ነው።

ዛሬ በቢያጆ፣ ማለትም በየጉዞው፣ የሚገባው ብር ደህና ሊመስል ይችላል። ግን ጤፉም የቤት ኪራዩም እየጨመረ፣ ወረቀቱ ላይ ያለችው ደመወዝ ባለችበት ቆማለች። ስለዚህ ጭማሪ ስንጠይቅ "ደመወዙ ላይ ይግባ" እንበል። እኔ ራሴ ለዓመታት አበል ሲጨመርልኝ ደስ ብሎኝ ፈርሜያለሁ።

ሌላው፦ ለፈነዳ ጎማ ደመወዝ የተቆረጠባችሁ፣ በጽሑፍ ተስማምታችሁ እንደሆነ አስታውሱ። ቢቆረጥም ከወሩ ሲሶ ማለፍ የለበትም።

እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኮምቦልቻ እንሰብሰብ፣ የተለመደው ቦታ። የውላችሁንና የመጨረሻ ወር የደመወዝ ወረቀታችሁን ኮፒ ይዛችሁ ኑ። ውል የሌላችሁም አብሽሩ፣ በቃል የተቀጠረም መብት አለው። ከደሴ የምትመጡ የሐረጎን ቁልቁለት ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ ሰሞኑን ጭጋግ ነው።