መስመሩን የጎተትኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

«የስልኬ ካርታ ገደል ሊከተኝ ነበር» ብሎ የጻፈላችሁን ሹፌር ደብዳቤ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለውን መስመር የሚያሰምሩት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸዋ። ማታ ማታ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የወሎን መንገድ አርማለሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 የተጀመረ፣ ማንም ገብቶ የሚያስተካክለው ካርታ ነው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የሳተላይት ምስል ከፍተህ በአስፋልቱ መሃል ነጥብ ታደርጋለህ፣ ነጥቦቹ ተያይዘው መስመር ይሆናሉ፣ አለቀ። ካርታው መንገዱን የሚያውቀው በዚያች ቀጭን መስመር ነው። ቆቦ ሜዳ ላይ በጥቂት ነጥብ ትገላገላለህ። ጉዱ ሐረጎ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ መንገዱ እየታጠፈ ነው የሚሄደው፣ እጥፋቷ ላይ ነጥብ ከቆጠብክ መስመሩ ኩርባዋን ትቶ በገደሉ ላይ ይቆርጣል፤ ኪሎሜትሩም ያጥራል።

እኔ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው ያደረግኩት። አንድ ማታ የተሰመረው መስመር ምስሉ ላይ ካለው አስፋልት ወጣ ብሎ አየሁትና ያንን ሁሉ ዳገት ጎትቼ ምስሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሴቭ አድርጌ ተኛሁ። ለካ የተንሸራተተው ምስሉ ነው! ፎቶው ከጎን ሲነሳ የተራራው ከፍታ ታስቦ በደንብ ካልታረመ ቦታው ይዛባል። ያጋለጠኝ አይሱዙ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። «አንተ፣ ካርታህ እኮ ጫካ ውስጥ እየነዳኝ ነው» አለኝ። አፈርኩ፣ ወላሂ።

ከዚያ የሚሄድበትን መንገድ በስልኩ ጂፒኤስ እንዲቀዳልኝ ለመንኩት። ሲወጣም ሲወርድም ቀኙን ይዞ ስለሚነዳ ሁለት ፈለግ ወጣ፤ የመንገዱ መሃል በሁለቱ መካከል ነው። አንድ ጉዞ ግን አይበቃም፣ ገደል ስር ጂፒኤሱ ራሱ ይዘላል። ስምንት ጊዜ ካመላለሰልኝ በኋላ ነው መስመሩን የመለስኩት። (ሻዩን እኔ ነበርኩ የምከፍለው።)

ሌላው መጋጠሚያ ነው። ሁለት መንገዶች ሲገናኙ አንድ ነጥብ መጋራት አለባቸው። ለዓይን ተነካክተው ቢታዩም ነጥቡ የጋራ ካልሆነ ስልኩ መታጠፊያ መኖሩን አያውቅም፤ ሰውየውን ከተማ ሙሉ ያዞረዋል።

ወንድሜ ሹፌር፣ የትኛውን ካርታ እንደያዝክ አላልክም። የእኛው ከሆነ ግን የትኛዋ እጥፋት እንደሆነች ጻፍልን፣ ስትመላለስም ጂፒኤስህን ክፈትልን። ከሐረጎ በታች ያለች አንዲት ኩርባ ካርታው ላይ ተዛብታ እንደተሰመረች እያወቅኩ እስካሁን አልነካኋትም። ጎረቤቴ የጭነት መስመሩን ቀይሮ አሁን ወደ መርሳ ነው የሚጭነው።

ከደሴ