ማስታወቂያው ይደርሳል፣ መተግበሪያው ግን አይደርስም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁን ከሚከታተሉ የደሴ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የውጭ ኩባንያዎች ገና ያልሠሯቸውን መሣሪያዎች እንዳለቁ አድርገው ሲያስተዋውቁ ወሬው በአገራችን ጋዜጦችም በዚያው ድምፅ ስለሚወጣ፣ መሣሪያው ዘግይቶ ወይም ጭራሹኑ ሳይመጣ ሲቀር ግን ጉዳዩን ተከታትሎ የሚዘግብ ስለማይገኝ ነው። ነገሩን የማውቀው ለብዙ አንባቢዎቻችሁ እንግዳ በሆነ መስክ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄደው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በኩል ስለሆነ ማስረጃዬንም ከዚያው አቀርባለሁ።

ጨዋታው ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ ባለታሪክ ይዘው የሚጫወቱት ነው። ከመካከላቸው አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙንና የሚያጋጥመውን ሁሉ ይተርካል፤ ሌሎቹ ባለታሪኮቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የታሰበው ነገር መሳካቱ ሲያጠራጥር በየገጹ ቁጥር ያለበት ዳይስ የተባለ መጫወቻ ይጣላል። በኅትመት የተጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ.፣ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባዘጋጁት ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ትረካው ተረት እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ አያስቸግረውም። የሚያስቸግረው ሕጉ ነው። መጻሕፍቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች አሏቸው፤ ባለታሪኩ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥር ችሎታው በተመዘገበበት ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች ግማሹ ይለወጣሉ፤ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ደግሞ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን ሱቆች ቢያስሱ አይገኝም። እኛ ቁጥር የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከኩባያ ውስጥ እያወጣን ስንጫወት ቆይተናል። ስለዚህ ሒሳቡን የሚሠራ፣ ዳይሱን የሚጥልና ካርታውን የሚያሳይ መተግበሪያ ለእኛ ቅንጦት አይደለም።

ከዚህም የሚብስ ምክንያት አለ። የእኛ ቡድን በአንድ ከተማ አይኖርም። አንዷ ለትምህርት አዲስ አበባ ሄዳለች፤ አንዱ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ሌላው እንደ ብዙው የወሎ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ጅዳ ነው። ኮምቦልቻ በካርታ ላይ ቅርብ ብትሆንም፣ ከፈረቃ የወጣ ሠራተኛ በምሽት ያንን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ፣ ሲጫወት አምሽቶ፣ ሌሊት ተመልሶ ይውረድ አይባልም። ቨርቹዋል ጠረጴዛ የሚባለው፣ ሁሉም ባለበት ሆኖ አንድ ካርታ የሚያይበት መሣሪያ፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው እንዲህ ለተበተነ ቡድን ነው።

አሁን የተስፋውን ታሪክ እንመልከት። ለዚህ የደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አሳታሚ የሆነው የዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስትና ከ1999 ጀምሮ የእርሱ ባለቤት የሆነው የሃዝብሮ ምሳሌ ይበቃል። በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ከመጽሐፉ ጋር የባለታሪክ መፍጠሪያ ፕሮግራም ናሙና የያዘ ሲዲ ነበረ፤ ሙሉው ፕሮግራም የተሸጠው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስሙ ተለውጦና ከታሰበለት ብዙው ተቀንሶለት ነው። በ2007 አራተኛው እትም ሲታወጅ ቨርቹዋል ጠረጴዛ አብሮ እንደሚመጣ ተነገረ። መጻሕፍቱ በ2008 ወጡ፤ ጠረጴዛው ግን በ2010 መጨረሻ በሙከራ ደረጃ ብቻ ታየና በ2012 ተዘጋ። በዚያው በ2010 ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ይሠራ የነበረው የባለታሪክ መሥሪያ በድረ ገጽ ብቻ እንዲሠራ ተደረገ፤ አገልግሎቱም በ2020 መጀመሪያ ተቋረጠ። አምስተኛው እትም በ2014 ሲወጣ አንድ ሌላ ድርጅት መተግበሪያውን ሲሠራለት ነበር፤ በዚያው ዓመት ስምምነታቸው ፈረሰ፣ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለው አገልግሎት በ2017 እስኪከፈት ድረስም ተጫዋቹ ሦስት ዓመት ጠበቀ። እርሱንም የሠራው ሌላ ኩባንያ ስለነበር ሃዝብሮ በ2022 በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚሁ ዓመት ደግሞ ባለሦስት አውታር ቨርቹዋል ጠረጴዛ እየተሠራ መሆኑ ታወጀ፤ በኋላ ሲጂል የተባለው ይህ መሣሪያ በፌብሩዋሪ 2025 ከተለቀቀ በኋላ አንድ ወር እንኳን በቅጡ ሳይሞላው አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ተሰናበቱ። ሲለቀቅም የሚሠራው ዊንዶውስ ባለው፣ የግራፊክስ አቅሙ ከፍ ባለ ኮምፒዩተር ላይ ነበር፤ በደሴ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ያለው ተጫዋች አላውቅም።

ሥራው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የዚህ ጨዋታ ሕግ ልዩ ሁኔታ በልዩ ሁኔታ ላይ የተደራረበበት ነው፤ አንድ አስማት የሌላውን ሕግ ይሽራል፤ አዲስ መጽሐፍ በወጣ ቁጥርም ፕሮግራሙ እንደገና መነካካት አለበት። ባለሙያዎቹ ቢዘገዩ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው፣ መጽሐፉን ለመሸጥ ሲባል ገና በሐሳብ ላይ ያለውን መተግበሪያ ከሽፋኑ ጋር አብሮ በሚያስተዋውቀው የሽያጭ ክፍል ላይ ነው። ጤፉ ሳይዘራ እንጀራውን እንደመሸጥ ያለ ነገር ነው፤ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ዛሬ ነው።

በእኛ ላይ የደረሰውም ከዚህ አይለይም። ስሙን እዚህ መጥራት የማልፈልገው አንድ ትንሽ የውጭ አሳታሚ የጨዋታ መጽሐፉን ሲሸጥ በስልክ የሚሠራ መተግበሪያ «በቅርቡ» እንደሚከተል ገልጾ ነበር። ከዚህ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለሚያስቸግር ጅዳ ያለው ጓደኛችን ከፈለልን። መጽሐፉ በፋይል ደረሰን፤ መተግበሪያው ግን ከክረምት ወደ በጋ፣ ከበጋ ወደ ክረምት ሲገፋ ቆይቶ በመጨረሻ የመጣው ወርኃዊ ክፍያ የሚጠየቅበት ሆኖ ነው። የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ዶላር ዋጋ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ ለሌላው ዓለም ተጫዋች የሻይ ገንዘብ የሆነው ለእኛ አይደለም። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የሚያስታውስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። በዚያ ላይ ፊደላችን የዓለም ፊደላት በኮምፒዩተር በሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የገባ ቢሆንም፣ በመተግበሪያው ውስጥ የባለታሪኩን ስም በአማርኛ ስንጽፍ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ድርድር ነው።

ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ይልቅ የተሻለ ያደረጉት ከአሳታሚው ውጭ ቨርቹዋል ጠረጴዛ የሚሠሩት ገለልተኞቹ መሆናቸውን መጥቀስ ተገቢ ነው። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራው ሮል ትዌንቲ በድረ ገጽ አማካይነት በነጻም ያጫውታል። በ2020 የወጣው ፋውንድሪ ደግሞ አንድ ጊዜ ተገዝቶ የራስ የሚሆን ነው፤ የሚገዛው የጨዋታው መሪ ብቻ ሲሆን ሌሎቹ ሳይከፍሉ በብራውዘር ይገባሉ። ፈቃዱ አንድ ጊዜ በኢንተርኔት ከነቃ በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ ላፕቶፑና ስልኮቹ በዋይፋይ ከተገናኙ፣ ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢቋረጥም ጨዋታው አይቋረጥም። እንዲህ ያለው አሠራር ለእኛ ከተማ ከየትኛውም ባለሦስት አውታር ካርታ ይበልጣል፤ ጅዳ ያለውን ጓደኛችንን ባያስገባም እንኳ።

ሌላም በር ተከፍቷል። በጃንዋሪ 2023፣ ሌሎች በጨዋታው ሕግ ተጠቅመው እንዲሠሩ በሚፈቅደው ውል ላይ ዊዛርድስ ሊያደርግ ባሰበው ለውጥ ከተነሣው ከፍተኛ ቁጣ በኋላ፣ የአምስተኛው እትም መሠረታዊ ሕግጋት የተካተቱበት ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው ይህን ሰነድ ሊተረጉመው፣ መተግበሪያ ሊሠራበት፣ ሊሸጠውም ይችላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሶፍትዌር ተማሪዎች ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲፈልጉ ይህን እንዲያስቡበት እጠቁማለሁ፤ ዳይስ የሚጥልና የባለታሪክ ወረቀት በአማርኛ የሚሞላ፣ በተራ አንድሮይድ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ትንሽ ነገር ቢጀምሩ ይበቃል። ትልቁን ጠረጴዛ ማንም አይጠይቃቸውም።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ጥያቄ ይህ ነው። ስለ አንድ አዲስ መተግበሪያ ስትዘግቡ ዛሬ ወርዶ የሚሠራ ይሁን ወይስ ገና የታወጀ ብቻ፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈት እንደሆነ፣ ከኢትዮጵያ ሆኖ ሊከፈልበት ይቻል እንደሆነ በዜናው ውስጥ ግለጹልን። ይወጣል የተባለበት ቀን ሲያልፍም፣ ከስድስት ወር በኋላም ቢሆን፣ የት እንደደረሰ በሁለት መስመር አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ደሴ