የበዛብህንና የሰብለን ፊልም ስንሠራ ከጎናችን ለነበራችሁ ሁሉ፦ ውለታችሁ አለብን

ፊልሙ አለቀ። ታየ። ተመረቅን። እግዚአብሔር ይመስገን!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኬ በእንኳን ደስ አላችሁ ተጨናንቋል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ደግሞም ያደረጋችሁልን ነገር በጓዳ አመስግኖ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ለማታውቁን ባጭሩ ልንገራችሁ። የፊልም ተማሪዎች ነን። ለመመረቂያ የመረጥነው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ ክር መዘን ግማሽ ሰዓት የሚሆን ፊልም መሥራት ነበር። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ከሚገባበት ቀን ይጀምርና ሁለቱ የልባቸውን እስኪነጋገሩ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነካንም። የገበሬዎቹ አመፅ፣ የበዛብህ ወደ አዲስ አበባ መኮብለል፣ ሰብለ እሱን ፍለጋ መውጣቷ ራሱን የቻለ ትልቅ ፊልም ነው። ፈረሱም፣ ሰዉም፣ ገንዘቡም የለንም።

ሐሳቡን ስንናገር ብዙ ሰው ፈርቶልን ነበር። አልፈርድባቸውም። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ጀምሮ ስንቱ አንብቦታል። ያላነበበው ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶታል፤ እናቴ መጽሐፉን በእጇ ሳትይዝ ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር የምታውቀው በእሱ ድምፅ ነው። ቴዲ አፍሮም ዘፍኖለታል፣ በቴሌቪዥንም ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰብለ አለችው፣ ቁመቷን ያውቃል፣ አነጋገሯን ያውቃል። «የኔዋን እንዳታበላሹብኝ» ያለን ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። አማካሪ መምህራችን ግን «የሁሉንም ሰው ሰብለ ልታመጡ አትችሉም፤ ኑሮዋን በትክክል አሳዩ፣ እሷ ራሷ ትመጣለች» አሉን። መምህር፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። የሠራነው በዚያች ምክር ነው።

ኑሮዋን በትክክል ለማሳየት ደግሞ ኑሮውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። እኛ የከተማ ልጆች ነን። ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስና ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ናቸው፣ የቅኔ ቤቱን ከውስጥ ነው የሚያውቁት፤ ያ እውቀት በየገጹ አለ። እኛስ ከየት እናምጣው? ከቅኔ መምህሩ ከመሪጌታ አመጣነው።

መሪጌታ፣ ምን ብዬ ላመስግንዎ? መጀመሪያ በዛብህ ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ ይዘን ስንመጣ ብዙም አልተናገሩም። አረማመዱን አዩት። አቀማመጡን አዩት። ከዚያ «ቅኔ ሲቆጥር ያደረ ሰው እንዲህ አያይም» አሉ። ልጁ በየጠዋቱ እየሄደ ከተማሪዎቹ ጋር ዋለ። ተማሪው ጋቢውን ተከናንቦ ከሰው ተነጥሎ ቁጭ ብሎ ጉባኤ ቃናውን፣ ማለትም ሁለት ቤት ያላትን አጭር ቅኔ፣ በልቡ ሲቆጥር፣ ማታ መምህሩ ፊት ሲነግር፣ ሲታረም፣ አንገቱን ሲደፋ አየ። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ እኛ ስለ አተዋወኑ አንድም ነገር መናገር አላስፈለገንም።

ስንደዶዋም፣ ያቺ ፊደል ማሳያዋ የሣር አገዳ፣ የመሪጌታ ስጦታ ናት። ፊልሙን ያያችሁ ሁሉ የምታወሩት ስለሷ ስለሆነ ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። የማስተማሩን ትዕይንት በወረቀት ላይ ስንጽፈው ጭንቅ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ሐዲስ የሁለቱን ልብ ገብተው ያሳዩናል፤ በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ ነው፣ ስለቱ ያስፈራዋል፣ ሰብለም ለአባቷ ዘር የሚመጥን ባል እየጠፋ የማግቢያ ጊዜዋ እያለፈ ነው፣ ይህ ሁሉ በሐሳብ የሚያልቅ ነገር ነው። ካሜራ ሐሳብ አያይም። መሪጌታ ግን የፊደል ተማሪ እንዴት እንደሚማር ሲያሳዩን አንዲት ስንደዶ አንስተው ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» አሉ። ዓይን ስንደዶዋን ይከተላል፣ ቀና ማለት የለም። በቃ! ትዕይንቱ ያኔ ተጻፈ። በዛብህና ሰብለ አንድም ጊዜ አይተያዩም። ሁለቱም ስንደዶዋን ነው የሚያዩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ስንደዶዋ ፊደሉ ሥር ትቆማለች፣ ሰብለ ፊደሉን ጠርታ ጨርሳለች፣ ስንደዶዋ አትሄድም። አዳራሹ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ መንሾካሾክ የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

እማማ ደግሞ አሉ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ትውልዳቸው ጎጃም ነው። መጀመሪያ ጎጃም ሄደን ልንቀርጽ ነበር ሐሳባችን፣ ጊዜው አልፈቀደም። እማማ «እናንተ ካልሄዳችሁ እኔ አመጣላችኋለሁ» ብለው ቤታቸውን ከፈቱልን። ሰብለ የሆነችውን ልጅ ሦስቱን የነጠላ አጣጣል አንድ በአንድ አሳዩአት፤ ለእንግዳ ሲወጣ፣ አባት ፊት ሲቆም፣ ብቻዋን ስትሆን። ጥጥ አስፈተሏት። ጣቷ እንዝርቱን እስኪለምድ ድረስ አልለቀቋትም። አነጋገሯንም አረሙላት፣ «የባላባት ልጅ አትቸኩልም፣ የምትጠራው ሰው እንደሚመጣ ታውቃለች» እያሉ። የሰብለ እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት የለበሰችው ጥልፍ ቀሚስም የእማማ የራሳቸው ነው፤ ከሣጥን ሲያወጡት የአሪቲ ሽታ ነበረው። እማማ፣ ክፉ አይንካዎት። ልጅዎ ነኝ።

ሱሉልታ አካባቢ ቤታችሁን የለቀቃችሁልን ቤተሰቦች፣ ገለቶማ! የሣር ክዳን ያለው የድሮ ቤት ፍለጋ ስንንከራተት «ግቡ» ያላችሁን እናንተ ናችሁ። እቃችሁን አውጥታችሁ፣ ከብቶቻችሁን አዛውራችሁ፣ ዝናቡ ሥራ ሲያስፈታን ቡና እያፈላችሁ አቆያችሁን። አባወራው በመጨረሻው ቀን በኦሮምኛ ሲመርቁን የገባንም ያልገባንም እኩል «አሜን» ብለናል።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ። ቀብድ የከፈልንበት አከራይ በቀረጻው ዋዜማ ማታ ደውሎ «ካሜራው የለም» አለን። ስም አልጠራም፣ መክሰስም አልፈልግም። ግን ያቺ ሌሊት ከባድ ነበረች። ተዋናይ ተጠርቷል፣ መኪና ተከራይተናል፣ ምግብ ተዘጋጅቷል። የሰፈራችን የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ወሬውን የሰማው ከእህቴ ነው። ሌሊት መጥቶ በር አንኳኳ፤ ካሜራውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይዞ ነበር የመጣው። የሰርግ ቀራጭ ምን ያውቃል የምትሉ ካላችሁ ይሄን ስሙ። ያ ቤት መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። መብራት ስናበራ ቤቱ ሱቅ መሰለ። እሱ ግን ስንት ሙሽራ ከጨለማ ጓዳ ወደ ደጅ ስትወጣ ቀርጿል፣ ፊት በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ያውቃል። መብራቱን አስጠፋን። ነጭ አንሶላ ከበሩ ውጭ ዘርግቶ ፀሐይዋን ወደ ውስጥ መለሳት። የሰብለ ፊት ያኔ ነው የታየው። ብዙዎቻችሁ «ሥዕል ይመስላል» ያላችሁት ምስል በአንሶላ የተሠራ ነው። ወንድሜ፣ ገንዘብ አልቀበልም ብለሃል፤ ለሠርግህ እኛ እንቀርጻለን፣ ይሄ ቃል ነው።

ጉዱ ካሳ ሆኖ የተጫወተልንን ጋሼንም ሳላነሳ አላልፍም። የጉዱ ካሳ ንግግር ረጅም ነው፤ ስለ ልማድ፣ ስለ ዘር መቁጠር፣ ድሃ ስለሚበደልበት ሥርዓት ይናገራል። ቆርጠን ልናሳጥረው ስንል ጋሼ ተቆጡ። «እሱን ካሳጠራችሁት ምኑን ጉዱ ካሳ ሆነ?» አሉ። ከበዛብህ ጋር ዳገት እየወጡ እንዲናገሩት አደረግን። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ቆም ይላሉ፣ ንግግሩም እዚያው ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። በዚያ እድሜያቸው ያንን ዳገት ደጋግመው ወጥተውልናል፤ አንድ ቀን አላማረሩም።

ኤዲት ያደረገችው ጓደኛችን ደግሞ በጣም የተከራከርንበትን ነገር ወስናልናለች። ተራኪ ይኑር ወይስ አይኑር? ከእኛ ግማሹ ተራኪ ከሌለ ሰዉ ቅር ይለዋል ባይ ነበር። እሷ «ማንም ቢተርከው ሰው የሚሰማው ወጋየሁን ነው፣ ለሱ እንተውለት» ብላ በትረካው ቦታ የእንዝርቱን፣ የከብቱን፣ የቅዳሴውን ድምፅ አስገባች። ከእይታው በኋላ አንድ አባት መጥተው «ድምፁን ስጠብቅ ቆየሁ፣ ኋላ ረሳሁት» ሲሏት አለቀሰች። ከዚህ በላይ ሽልማት አታውቅም።

«ዩቲዩብ ላይ ጫኑት» ለምትሉን፣ አንጭንም። ይቅርታ። የሕግ ባለሙያ ወዳጃችን ገና ከጅምሩ በነፃ አማክሮናል፣ እሱንም እናመሰግናለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፣ ስለዚህ መጽሐፉን ወደ ፊልም መቀየር የሚፈቅዱት ባለመብቶቹ ናቸው። የእኛ ለመመረቂያ የተሠራ ነው፣ በዚያው ይቆያል። ፈቃድ ጠይቀን ከተፈቀደልን ያኔ ሁላችሁም ታያላችሁ።

ስማቸውን ያልጠራሁት ብዙዎች ናቸው፤ በቅሎዋን የላካችሁልን፣ ዳቦ የደፋችሁልን፣ ዶፍ ውስጥ ጄኔሬተር የገፋችሁልን፣ ብድር መላሽ ያድርገን።

እቃ ያዋሳችሁን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። መሶቦቹ፣ አጎዛዎቹና ጃንጥላው እኔ ቤት ናቸው፣ አንዱም አልተጎዳም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየቤታችሁ እናደርሳለን። የእማማ ቀሚስ ታጥቦ ተተኩሷል፣ እሱን ሰብለ ራሷ ታመጣዋለች።