ስድስቱ ማቋረጫዎች

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከተማዋን በብስክሌት ስለመዞር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነካርታው ቆርጬ ኪሴ ከትቼ ባለፈው ሳምንት ወጣሁ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። መንገዱም ያምራል። ከ58ቱ ኪሎሜትር 55ቱን እያፏጨሁ ነው የነዳሁት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የቀረው ሦስት ኪሎሜትር ነው።

ካርታችሁ ላይ አረንጓዴው መስመር ቀዩን መስመር በቀላሉ ሰንጥቆት ያልፋል። መሬት ላይ ግን ቀዩ መስመር ባለ አራት ረድፍ አውራ ጎዳና ነው። መብራት የለው፣ ዜብራ የለው። ብስክሌቴን ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋኛል። በመጨረሻ አንድ ሾፌር አዝኖልኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከኋላው ያለው በክላክስ አደነቆረው።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። 14 ሜትር የሚሰፋ መንገድ ብስክሌት እየገፉ ለመሻገር 12 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚከንፍ መኪና በ12 ሰከንድ ከ260 ሜትር በላይ ይጓዛል። በግራም በቀኝም ያን ያህል ርቀት ወለል ብሎ ካልታየ የሚሻገር ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው። እኔ ከቆምኩበት እስከ ኩርባው ድረስ መቶ ሜትር ቢሆን ነው።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ከተማን የሚዞር መንገድ ሁሉ ይህ ጣጣ አለበት። ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ከመሃል ከተማ ተነስተው እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ወደየአቅጣጫው ይወጣሉ። ዳር ዳሩን ልዙር ያለ ሰው ሁሉንም አንድ በአንድ መቁረጥ አለበት። በእናንተ ካርታ ስድስት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ጽሑፉ ስለ አንዳቸውም አያነሳም።

እኔ ዙር ሳቅድ የምጀምረው ከእነሱ ነው። ውሃውን፣ ደኑንና ኮረብታውን ለጊዜው እተዋቸዋለሁ። አውራ ጎዳናውን፣ የባቡር ሐዲዱንና ወንዙን በሰላም የምሻገርባቸውን ቦታዎች በእርሳስ አከብባለሁ። መብራት ያለበት፣ ድልድይ ያለበት፣ ወይም ከሥር የሚያሾልክ። ጸጥ ያለ መንገድ ሞልቷል፤ ደህና ማቋረጫ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ጥቂቱን ካገኘሁ ብዙውን በኋላ እቀጣጥለዋለሁ። በወንዝ ዳር የሚሄድ መንገድ ከተገኘማ ሎተሪ ነው። ወንዙ በጎዳናው ድልድይ ሥር ሲያልፍ ብዙ ጊዜ መንገዱም አብሮት ሹልክ ይላል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ያለው የሚኔታ ትራንስፖርት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው አንድ ጥናት መንገዶች ብስክሌተኛውን በሚያስጨንቁት መጠን በአራት ደረጃ ተከፍለዋል። አንደኛው ልጅም የሚነዳበት ነው። አራተኛው ከደፋሮች በቀር ሁሉም የሚሸሸው ነው። ዋናው ነገር ግን አቆጣጠሩ ነው። የጉዞው ደረጃ በአማካይ አይሰላም፤ በጣም መጥፎው ቁራጭ የሙሉውን ደረጃ ይወስናል። በዚህ ሚዛን 55ቱ ያማረ ኪሎሜትር ሦስቱን አያድናቸውም። እናት ልጇን ይዛ እስከ ማቋረጫው መጥታ ትመለሳለች። ማድሪድን የሚዞረው የብስክሌት ቀለበት ከ60 ኪሎሜትር በላይ ነው፤ አውራ ጎዳናዎቹን የሚሻገረውም ለእግረኛና ለብስክሌት በተሠሩ ድልድዮች ጭምር ነው። ጋዜጣ ድልድይ አይሠራም። ድልድይ ወዳለበት ግን መስመሩን ሊያዞር ይችላል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፦ ካርታው ላይ ቀስት የለም። በየት በኩል እንዙር? መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር እንደ ሰዓት ቆጣሪ አዟዟር መዞር ይሻላል። አብዛኛው መታጠፊያ ወደ ቀኝ ስለሚሆን ከፊት የሚመጣውን መኪና መቁረጥ አይኖርም። በግራ በሚነዳበት ደግሞ ተቃራኒው። ማለዳ ወደ ምሥራቅ፣ ማምሻውን ወደ ምዕራብ ባይኬድ ይመረጣል፤ ፀሐይዋ ከብስክሌተኛው ይልቅ ከኋላው ያለውን ሾፌር ብታሳውር ነው የሚከፋው። ነፋሱንና አቀበቱንም ጉልበት ሳያልቅ መጨረስ ጥሩ ነው። እነዚህን ሁሉ ማስታረቅ አይቻልም። ሲጋጩ እኔ ለመታጠፊያው አደላለሁ። ነፋስ ያደክማል እንጂ አይገጭም።

መስመሩን ያወጣው መተግበሪያ ይመስለኛል። ብዙዎቹ የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች በሚሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው የኢንተርኔት ካርታ መረጃ ነው። ድንቅ ሥራ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አስፋልት ይሁን ኮረኮንች ማንም ካልሞላው ማሽኑ ከየት ያውቃል? 31ኛው ኪሎሜትር ላይ አስፋልቱ አለቀ። ቀጭን ጎማ የገጠመ ሰው እዚያ ወርዶ ይገፋል። ገፋሁ። ስትራቫ የተባለው ጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያም ብስክሌተኞች የሄዱበትን የሚያበራበት ካርታ አለው፤ እሱም ቢሆን ብዙ ሰው የነዳበትን እንጂ ጸጥ ያለውን አያሳይም። ለውድድር የሚለማመዱት ሰፊ ጠርዝ ያለውን አውራ ጎዳና ይወዱታል።

ሰዓቱንም አልጻፋችሁም። ፎቶዎቻችሁ ላይ ጥላው ረጅም ነው፤ ጋዜጠኛችሁ በማለዳ እንደነዳ ያስታውቃል። እኔ የወጣሁት ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም በሥራ ቀን። እሁድ ማለዳ ድመት የማትታይበት መንገድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የገልባጭ መኪና ሰልፍ ነው። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀመረችው ልማድ እሁድና በበዓል ቀን ጎዳናዎቿን ለብስክሌትና ለእግረኛ ትለቃለች፤ ዛሬ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ደርሷል። አስፋልቱ ያው የሰኞው አስፋልት ነው።

የምለምናችሁ ካርታውን ደግማችሁ እንድታትሙት ነው፤ በዚህኛው ዙር ከነቁጥሩ። ሐሳቡ ከቤልጂየም የመጣ ነው። ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ የብስክሌት መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ቁጥር ይሰጠው አለ፤ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ቁጥር እንዳላቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊምበርግ በሚባለው ክፍለ ሀገር ተጀመረ። ነጂው ከ14 ወደ 27፣ ከ27 ወደ 31 እያለ የራሱን ዙር ይሰፋል። ለእኛም ስድስቱን ማቋረጫዎች ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጧቸው። ከሥራቸው አንዳንድ መስመር ጻፉ፦ መብራት አለ ወይስ የለም፣ ስንት ሜትር ይታያል፣ በስንት ሰዓት ይሻላል። 58 ኪሎሜትር የማይችል ሰውም ከ2 እስከ 4 ነድቶ ይመለሳል።

ሥራውን ላቅልላችሁ። 1፣ 2 እና 4 መብራት ስላላቸው ደህና ናቸው። በ3 ፈንታ 400 ሜትር ዝቅ ብሎ ከጎዳናው ሥር የሚያሳልፍ መተላለፊያ አለ። በ5 ፈንታ ድልድይ አግኝቻለሁ፤ አራት ኪሎሜትር ያህል ያስዞራል። በእርሳስ የሞነጫጨርኩበትን ካርታ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። 6 ላይ የጥያቄ ምልክት ታያላችሁ። እኔን ያስቆመኝ እሱ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ መተላለፊያ አጥቻለሁ። ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ብስክሌተኛ