የክርክር ክበብ ዘገባ፦ እጅና ወረቀት ያልተስማሙበት ዓመት

ዘንድሮም የእኛ ዘገባ ከስፖርቱና ከሚኒ ሚዲያው ኋላ፣ መጨረሻው ገጽ አካባቢ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ቅር አይለኝም። ዋንጫ የለንም፣ ማሊያ የለንም፣ ለፎቶ የሚሆን ነገርም የለንም። ያለን አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱንም ዓመቱን ሙሉ ስናላምጠው ከረምን። የአንድ ተወዳዳሪ የቆዳ ቀለም ሰው በሚሰጠው ድምፅ ላይ ለውጥ ያመጣል ወይ?

ጥያቄውን ያመጡት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ናቸው። መጀመሪያ የጻፉት «የተወዳዳሪው ዘር» ብለው ነበር። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ለየብቻ ጠርተው «ይሄን ዘር ምናምን የሚባል ነገር ተወው፣ ኋላ ጣጣ ታመጣለህ» አሉኝ። ኧረ ስለ አሜሪካ ምርጫ ነው ስል ደግሞ ሌላ መጣ፦ «የሰው አገር ምርጫ ለልጆቹ ምን ሊፈይድላቸው?» መልሴ አጭር ነው። እዚያ ሰው ከምርጫው በፊትም ይጠየቃል፣ ድምፁን ሰጥቶ ሲወጣም ይጠየቃል፣ ሁሉም ይታተማል። ልጆቹ ቁጥር ይዘው መከራከር የሚችሉበት ጉዳይ ነው። ርዕሱን ግን «የቆዳ ቀለም» ብለን ቀየርነው። እዚህ ላይ ተሸንፈናል።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። ዓርብ ዓርብ ተገናኘን፣ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ዕቅድ ለርዕሰ መምህሩ ገባ፣ ፈተና ሲደርስ አባላት ተመናመኑ፣ ፈተና ሲያልቅ ተመለሱ። የየትኛውም ክበብ ነገር ያው ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር የቶም ብራድሊ ሆነ። ብራድሊ የሎስ አንጀለስ ከንቲባ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለካሊፎርኒያ ገዥነት ሲወዳደር የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ያሸንፋል አሉ። በምርጫው ቀን ድምፅ ሰጥተው የወጡ ሰዎች ሲጠየቁም ያሸንፋል የሚል መልስ ተገኘ። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ ከ100 ሺህ ባነሰ ልዩነት በጆርጅ ዱክሜጂያን ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ነው «የብራድሊ ኢፌክት» የሚባለው ነገር የመጣው፦ ነጭ መራጭ ጠያቂው ፊት «ጥቁሩን እመርጣለሁ» ይላል፣ ብቻውን ሲሆን ሌላ ያደርጋል።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መልስ ያገኙ መሰላቸው። እኔም መስሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ «ብራድሊ በቆዳው ቀለም ብቻ ተሸነፈ» ብለን በትልቁ ጻፍን። አንድ የሒሳብ መምህር ቆሞ አነበበውና ሳቀብን። በፖስታ የተላኩት ድምፆችስ አለ። ደጃፍ ላይ የሚጠይቅ ሰው በፖስታ የላከውን ሰው አያገኘውም፤ የዱክሜጂያን ወገኖች ደግሞ በዚያ ዓመት በፖስታ ድምፅ ላይ በደንብ ሠርተዋል። በዚያ ላይ በዚያው ቀን ሽጉጥን ስለመቆጣጠር የሚጠይቅ የሕዝብ ውሳኔ ስለነበረ፣ እሱን ለመቃወም የወጣው ሰው ብዙው የብራድሊ ደጋፊ አልነበረም። በሳምንቱ ማረሚያ ለጠፍን። «ብቻ» የሚለውን ቃል በቀይ ሰርዘን።

ከዚያ ወደ ቨርጂኒያ ሄድን። ዳግላስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ታሪክ በሕዝብ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ገዥ ሆነ። አያቶቹ ባሮች ነበሩ። ጥናቶቹ በሰፊ ልዩነት ይመራል ብለው ሲያበቁ ያሸነፈው ከ7 ሺህ ባነሰ ድምፅ ነው። ግማሹ ክፍል «አያችሁ፣ አሁንም ዋሽተዋል» አለ፤ ግማሹ ደግሞ «ቢሆንም አሸንፏል እኮ» አለ። በዚያ ቀን ጩኸቱ ስለበዛ ጥበቃው መጥቶ በር አንኳኳ።

የባራክ ኦባማ ጉዳይ ሁለት ወር ፈጀ። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 የዴሞክራቶች ዕጩ ለመሆን በፓርቲው ውስጥ ሲወዳደር አዮዋ ላይ አሸነፈ፣ በአምስተኛው ቀን ኒው ሃምፕሻየር ላይ ጥናቶቹ ይመራል ብለውት በሂላሪ ክሊንተን ተሸነፈ። ሁለቱም ግዛቶች ሕዝባቸው ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ልዩነቱን አወጣው። ያኔ አዮዋ ላይ ዴሞክራቶቹ ሰው ፊት፣ አዳራሽ ውስጥ ለሚደግፉት ተወዳዳሪ በተለየው ቦታ ይቆሙ ነበር፤ ኒው ሃምፕሻየር ላይ ግን ድምፁ በምስጢር ነው። «ሰው ፊት ሲሆን ያፍራሉ፣ ተደብቀው ሲሆን የልባቸውን ይሠራሉ» አለና ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ሳያባራ አንዲት ልጅ ተነሳች፦ «ታዲያ ኅዳር ላይ በዋናው ምርጫ፣ በምስጢር ድምፅ፣ ሁለቱንም ግዛት እንዴት አሸነፈ?» መልስ የሰጣት አልነበረም። ኅዳር ላይ ደግሞ ጥናቶቹ ከውጤቱ ጋር በጣም ተቀራርበው ነበር።

እኔ ሌላ ቁጥር ጨመርኩባቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የዴሞክራቶች ዕጩ የነበረው ነጩ ጆን ኬሪ ከነጭ መራጮች 41 በመቶ ያህል አገኘ፤ በ2008 ኦባማ 43 በመቶ ያህል አገኘ። ከጥቁር መራጮች ደግሞ ኬሪ 88፣ ኦባማ 95 በመቶ። ከ1964ቱ ሊንደን ጆንሰን ወዲህ የነጮችን አብላጫ ድምፅ ያገኘ ዴሞክራት ፕሬዚዳንት የለም። እንግዲህ ፓርቲውንና ቆዳውን ለያዩ አልኳቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎች ብቻቸውን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልጓቸውን ዘረኛ ቃላት ቆጥሮ፣ ኦባማ በቀለሙ ምክንያት አራት በመቶ አካባቢ ድምፅ አጥቷል ያለ ጥናት አለ። ያሸነፈ ሰውም ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ይቺ ነገር ልጆቹን በጣም ያዘቻቸው፣ እኔንም።

አሁን ይህን ዘገባ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልንገራችሁ። መጋቢት ላይ ራሳችን እንሞክረው ተባለ። የሌሉ ሁለት ተወዳዳሪዎች ፈጠርን፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ ፎቶው ከአሮጌ መጽሔት ተቆርጦ። ንግግራቸው ግን ቃል በቃል አንድ ነው፣ የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል ብቻ አቀያይረናል። መጀመሪያ እጅ በማውጣት፣ ቀጥሎ በወረቀት አስመረጥን። የድምፅ መስጫ ሳጥናችን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ነው፣ ላዩ ላይ በምላጭ የተቀደደ።

የእጁ ውጤት ሌላ፣ የወረቀቱ ሌላ ሆነ። ክፍሉ ተንጫጫ፣ ማን ነው የቀየረው ተባለ፣ እኔም ማንም እንዲናገር አይገደድም ብዬ ልዘጋው ስል ከኋላ ወንበር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ስም ስጠራ እንኳን «አቤት» የምትለው በአንገቷ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ ቀይሬያለሁ» አለች። «እጄን ያወጣሁት ጓደኞቼ ስላወጡ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ያኛውን መረጥኩ። አጎቴን ይመስላል።»

ሳቁ። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ንግግሩን አላነበብኩትም። የሁለቱንም።»

ሳቁ ቆመ። ከፊት የተቀመጠው፣ ከመስከረም ጀምሮ «ሰው የሚመርጠው ፖሊሲ ነው፣ ሌላው ወሬ ነው» እያለ ሲያደርቀን የነበረው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ንግግሩን ማንበብ ጀመረ። ያኔ ገና። ድምፅ ከሰጠ በኋላ። እኔ ደግሞ ጠመኔ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ ከብራድሊ ጀምሮ ያወራነው ሁሉ መራጩን ወይ ዘረኛ ወይ ውሸታም አድርጎ ነበር፣ አጎቱን ያየ ሰው አንድም ቀን አላሰብንም። በሚቀጥለው ዓርብ ልጅቷ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

ያልተሳካውንም ላንሳ። ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ያሰብነው ክርክር ትራንስፖርት ባለመገኘቱ ቀረ። ሙከራውን ፎቶ አቀያይረን ለመድገም አቅደን ነበር፤ የጥቁሩ ፎቶ ላይ ፈገግታ ስለነበረ ልጆቹ «ይሄ አያስማማም» ብለው ትክክለኛ ተቃውሞ አቅርበዋል። ግን የቀለም ማተሚያ የለም፣ ያለችው ፕሪንተር ቀለሟ ካለቀ ቆይቷል። ፕሮጀክተሩን ሁለት ጊዜ ጠይቀን ሁለቱንም ጊዜ ለስብሰባ ተወስዷል ተባልን። በስፖርት ክበቡ አልቀናም፣ ኳስ ያስፈልጋል። አንድ ቶነር ግን ከአንድ ኳስ ይበልጣል ብዬ አላስብም።

ለወላጅ መምህር ኅብረቱ የምንጠይቀው ይኼው ነው፦ ቶነር፣ ዓርብ ዓርብ የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ሳጥን። እስከዚያው ካርቶኑ የመምህራን ማረፊያ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ባዶ መስሎት የሚጥለው ሰው እንዳይኖር፤ የመጋቢት ወረቀቶች ውስጡ ናቸው፣ ልጆቹም በመስከረም እንደገና ሊቆጥሯቸው ይፈልጋሉ።