የሰኞ ሒሳብ

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ እንደበዛ አውቃለሁ፣ ሰበብ አልደረድርም። ዕዳዬን ልክፈል፦ ስለ ወንዶች ቴኒስ የዓለም ደረጃ «ሲነር የፓሪሱን ውድድር ወስዶ 1ኛ ሆነ፤ በሳምንቱ እሱ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ አልካራዝ እንዴት ቀደመው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።

ግራ ያጋባህ የለመድከው የፕሪሚየር ሊግ ሰንጠረዥ ነው። እሱ በየነሐሴው ከዜሮ ይጀምራል። የቴኒሱ ግን ተዘግቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ያለፉትን 52 ሳምንታት ብቻ ይይዛል። አንድ ውድድር ዓመት ሲሞላው ያስገኘው ነጥብ ይረግፋል። ስለዚህ ተጫዋቹ ወደ ውድድሩ ሲመለስ የአምናውን ነጥብ እንደ ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚገባው። አምና ግራንድ ስላም (ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱን) ያነሳ ሰው ዘንድሮ አምስት ጨዋታ አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ቢቀር 2000 ሄዶበት 800 ይመጣለታል። በርትቶ ተጫውቶ 1200 ከሰረ ማለት ነው።

አሁን ያንን ሳምንት እንቁጠረው። ሰኞ ኖቬምበር 3 ቀን 2025 ሲነር 11,500፣ አልካራዝ 11,250 ነበራቸው። አልካራዝ ፓሪስ ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው በካሜሮን ኖሪ ተሸንፎ ነበር። ቀጥሎ የዓመቱ ማሳረጊያ የሆነው የቱሪን ውድድር መጣ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የቱሪን የአምና ነጥብ አዲሱ ውድድር እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ ገና እንደተጀመረ፣ በዚያው ሰኞ ይነሳል። ሲነር በ2024 ሳይሸነፍ ጨርሶ 1500 ነጥብ ወስዷል። አልካራዝ ከምድቡ ሳያልፍ 200 ብቻ ነበር ያገኘው። ኖቬምበር 10 ሁለቱም ሲቀነሱ ሲነር 10,000፣ አልካራዝ 11,050። ይኸው ነው፤ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም።

ከዚያ በኋላ ያለው ድመራ ነው። ቱሪን ላይ እያንዳንዱ የምድብ ድል 200፣ ግማሽ ፍጻሜው 400፣ ፍጻሜው 500 ያስገኛል። አልካራዝ ሦስቱን የምድብ ጨዋታዎችና ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፎ 1000 ጨመረ፤ 12,050 ሆነ። ሲነር ፍጻሜውን 7-6፣ 7-5 አሸንፎ ድጋሚ 1500 ቢወስድም 11,500 ላይ ቆመ። ዋንጫውን ታቅፎ ዓመቱን 2ኛ ሆኖ ዘጋ! በእኔ ግምት ያ 1ኛነት የጠፋው ቱሪን ላይ አይደለም። ከፌብሩዋሪ 9 እስከ ሜይ 4 ታግዶ በቆየባቸው ሦስት ወራት አራት ማስተርስ 1000 ውድድሮች (ለአሸናፊው 1000 ነጥብ የሚሰጡ፣ ከግራንድ ስላም ቀጥለው የሚመጡ) አምልጠውታል፤ በ2024 ያሸነፈው የማያሚ 1000 ነጥብም ሳይተካ ረግፏል። የመጨረሻው ልዩነት ደግሞ 550 ብቻ ነበር።

በእጅህ ስትደምር የምትሳሳተው የሚቆጠሩትን ውድድሮች ስለምትዘነጋ ነው። በ2025 አሠራር ለአንድ መሪ ተጫዋች 19 ውጤት ይያዝለት ነበር፦ አራቱ ግራንድ ስላሞች፣ ስምንቱ ግዴታ የሆኑ ማስተርሶች (ሞንቴ ካርሎ ግዴታ አይደለም) እና ከቀሩት ውስጥ የተሻሉት ሰባት። ቱሪን ለደረሱት ተጨማሪ ነው። ግዴታ ከሆነው የቀረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቦታው ላይ ዜሮ ይገባለታል፣ በሌላ ውድድር አይሸፍነውም። ሌላም አለ፦ ከሰባቱ ዝቅተኛው 100 የሆነ ተጫዋች ባለ 250 ነጥብ ውድድር ቢያሸንፍ የሚጨመርለት 150 ነው፤ 100ው ከሒሳብ ይወጣል። የቆዩ ጽሑፎችን ስታነብም ተጠንቀቅ። እስከ 2023 ድረስ የግራንድ ስላም ፍጻሜ ተሸናፊ 1200 ነበር የሚያገኘው፣ አሁን 1300 ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ሒሳቡ ራሱ ይጣመማል። በ2022 ዊምብልደን የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾችን ስላገደ ነጥብ አልተሰጠበትም። ጆኮቪች ዋንጫውን አነሳ፣ የአምናው 2000 ረገፈበት፣ በምትኩ ምንም አላገኘም። ከ3ኛ ወደ 7ኛ ወረደ።

አንተ የምትወደው ዓይነት ሰንጠረዥ ከፈለግህ «ሬስ» የሚሉትን ተከታተል። እሱ በጃንዋሪ ከዜሮ ይነሳል፣ ለቱሪን የሚያልፉት ስምንት ሰዎች በዋናነት የሚለዩትም በእሱ ነው። ግራንድ ስላም እየተካሄደ ሳለ ግን በመካከሉ ባለው ሰኞ አዲስ ይፋዊ ደረጃ አትጠብቅ። ያኔ የምታየው «ላይቭ» የሚባለው ጊዜያዊ ስሌት ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔን የሚጥመኝ የ1ኛነቱ ፉክክር ሳይሆን 100ኛ አካባቢ ያለው ትንቅንቅ ነው። የግራንድ ስላም ዋና ድልድል 128 ሰው ይይዛል፤ 104ቱ በደረጃቸው፣ 8ቱ በዋይልድ ካርድ (በአዘጋጁ ግብዣ)፣ 16ቱ በማጣሪያ። የሚቆጠረው ከውድድሩ ስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የነበረው ደረጃ ስለሆነ፣ ዛሬ 90ኛ የሆነ ሰው በዚያ ቀን 115ኛ ከነበረ ማጣሪያ ሊወርድ ይችላል። ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ በጉዳት የራቀ ሰው በተጠበቀ ደረጃ (ሲጎዳ አካባቢ በነበረው ደረጃ) ይገባል፤ ያ ግን ለመግቢያ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ከሚለያዩት 32 ባለ ቁጥር ተጫዋቾች አንዱ አያደርገውም፣ በመጀመሪያው ዙር ሲነር ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በል እንግዲህ፣ አንድ ከ95 እስከ 110 ያለ ተጫዋች ምረጥና በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ምን እንደሚረግፍበት ቆጥረህ ላክልኝ። እማማን ሳምልኝ።

ያንተው ወንድም